ዚንኩ ከሠንጠረዡ አይወጣም

ደርሶባችሁ ያውቃል? የለካችሁትን ነገር፣ ደግማችሁም የለካችሁትን፣ «አያምርም፣ አጥፉት» የተባላችሁበት ቀን አለ? ስህተት ሆኖ ከተገኘ መሰረዝ ያለ ነው፤ እኔም በየቀኑ እሰርዛለሁ። የምጠይቀው ማንም ስህተቱን ሳያሳያችሁ፣ እንግዳ ስለመሰለ ብቻ ይውጣ ስለተባለ ቁጥር ነው።

ይህን ያነሳብኝ ባለፈው ሳምንት ክፍሌ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ልደታ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከሰፈር ሱቅ ፍሪጅ የመጣ በረዶ እያሞቁ ቴርሞሜትር ያነባሉ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የኛ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል መሰለኝ። እሳቱ እየነደደ አንድ ቦታ ቆሞ ቀረ። እነዚህን ቁጥሮች ላጥፋቸው?»

ላጲሷ ወረቀቱ ላይ ደርሷል።

«እንዳትነኪያቸው!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ክፍሉ በሙሉ ዞረ። በረዶ እየቀለጠ ሳለ ሙቀቱ እንደማይጨምር፣ እሳቱ የሚሰጠው ሁሉ በረዶውን በማቅለጥ እንደሚያልቅ ኋላ ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። ለምን እንደጮህኩ ግን አላስረዳሁም። እሱን ለእናንተ ላስረዳ።

ነገሩ የሆነው የሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ስል፣ ክረምቱ በገባበት ሰሞን ነው። ከእናቴ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነን። ጠዋት ጠዋት እማዬ ከማታ የተረፈውን ሽሮ በእንጀራ ፈትፍታ ታበላኝና ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ታክሲ ተራው እወርዳለሁ። ሰንጋ ተራ በኩል የሚገነባ ነገር ስለማይጠፋ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃና ሲሚንቶ ተቀላቅሎ ጫማ ላይ እንደ ልስን ይደርቃል። ዩኒቨርሲቲ ስደርስ የመጀመሪያ ሥራዬ ጫማዬን መፈቅፈቅ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ኮምፒውተሩ መብራት ሳይጠፋበት ማደሩን ማየት።

ሥራዬ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ማስረዳት እንደምወድ የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቁብኛል፤ ግን ይህን ካልነገርኳችሁ የተጣላሁበት ምክንያት አይገባችሁም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የምንውጠውን መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም አላቸው። ኢንዛይም ሰውነት ውስጥ አንድን ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። የእኔው ኢንዛይም መሐሉ ላይ ኪስ የመሰለ ጎድጓዳ ቦታ አለው። ከኪሱ ሥር አንድ የዚንክ አዮን ተቀምጧል፤ አዮን ስል ኤሌክትሮን የጎደለውና ፖዘቲቭ ቻርጅ የያዘ አተም ማለቴ ነው። ይህን ዚንክ ሦስት የፕሮቲኑ ክፍሎች ከሦስት አቅጣጫ ጨብጠው ይዘውታል። እኔ ለራሴ «ያዦቹ» እላቸው ነበር። ኢንዛይሙን ከሥራው ለማስቆም ኪሱ ውስጥ ገብታ እንደ ቡሽ የምትወተፍ ሞለኪውል ያስፈልጋል።

ሞለኪውሏ ምን ያህል ጠብቃ እንደምትቀመጥ በኮምፒውተር ማስላት የእኔ ድርሻ ነበር። ይህ ጥብቀት የመያያዝ ኢነርጂ ይባላል። ፕሮግራሙ ጠቅላላውን ካሰላ በኋላ ለእያንዳንዱ የኢንዛይሙ ክፍል ድርሻውን ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱም በሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ያገኛል። የመቀነስ ምልክት ያለበት ክፍል ሞለኪውሏን ይዟታል፣ የመደመር ምልክት ያለበት ገፍቷታል ተብሎ ይነበባል። «ተብሎ ይነበባል» ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ሦስቱ ያዦች የመቀነስ ምልክት ይዘው መጡ። ዚንኩ ግን የመደመር ምልክት ይዞ መጣ። ትንሽ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር፤ ከሠንጠረዡ ሁሉ ትልቁ ቁጥር እሱ ነበር። ፋይሉን ፈተሽኩ፣ ቻርጁን ፈተሽኩ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት። ያው ነው።

በላቦራቶሪያችን «ለቀማ» የምንለው ልማድ ነበር። ምስር ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ጠጠሩ እንደሚለቀም ሁሉ፣ ማንም ሠንጠረዡን ለአማካሪያችን ለዶክተር ሽፈራው ከማሳየቱ በፊት ከሚጠበቀው ጋር የማይሄደውን ረድፍ ለቅሞ ያወጣል። እንደ ማጭበርበር የሚያየው አልነበረም፤ እንደ ንጽሕና ነበር የሚቆጠረው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ነባሮቹ የበሩን ቁልፍ የት እንደሚያስቀምጥ ካሳዩት በኋላ ለቀማን ያስተምሩታል። «ሳትለቅም እንዳትገባ» ይሉታል።

እኔ ሳልለቅም ገባሁ።

ዶክተር ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበሩም። ያችን ኮምፒውተር ለማስገዛት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ የከረሙ ሰው ናቸው። ተማሪ ምሳ እንዳልበላ ካወቁ ይዘውት ካፌ ይወርዳሉ፤ «ብላ፣ ባዶ ሆድ ሒሳብ አይሠራም» ይላሉ። ሠንጠረዡን በእርሳስ ጫፍ እየተከተሉ ወረዱና ዚንኩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዚንኩ ነው ዶክተር።»

«ዚንክ መሆኑንማ አየሁት። እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ውጤቱ ነው። ደጋግሜ አስልቼዋለሁ።»

«ደጋግመሽ ካሰላሽው ደጋግመሽ ተሳስተሻል ማለት ነዋ!» ብለው ሳቁ፤ እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያዩ አቆሙ። «ስሚኝ ማህሌት። ዚንክ እንዲህ ዓይነት ሞለኪውሎችን እንደሚይዝ ማንም ያውቃል። አንቺ ፈታኝ ፊት ቆመሽ ይገፋል ልትዪ ነው?»

«ይገፋል አላልኩም።»

«ቁጥሩ ይላላ!»

«ቁጥሩ ምን እንደሚል ገና አልገባኝም። ሳይገባኝ ግን አላወጣውም።»

እርሳሱን አስቀመጡ። ከዚህ በፊት አንድ ተማሪያቸው እንዲህ ያለ ረድፍ ይዞ ዲፌንስ ገብቶ፣ ፈታኞች ሌላውን ሥራውን ሳያዩ በእሱ ብቻ ሲያፋጥጡት እንደዋሉ ነገሩኝ። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ይህን ሲናገሩ ወደ መስኮቱ ነበር የሚያዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላውን ነገር አነሱ። የትምህርት ክፍሉ ከእኛ ተመራቂዎች መካከል አንድ ሰው በአስተማሪነት ሊያስቀር ነበር። ያንን ቦታ ምን ያህል እንደምፈልገው ያውቃሉ፤ ሊደግፉኝም ቃል ገብተውልኛል።

«የምደግፍሽ በንጹሕ ቴሲስ ነው» አሉኝ። «ረድፉን አውጪና ሰኞ ሳምንት አምጪልኝ። ከዚያ ወዲያ ለዲፌንስ አይደርስም።»

ተናድጄ ወጣሁ። ዚንኩ ገፊ ነው ብዬ አምኜ አልነበረም። ያናደደኝ ያን ቁጥር ማንም ምን ማለትህ ነው ብሎ ሳይጠይቀው ከበር እንዲመለስ መደረጉ ነው። ታክሲ ውስጥ ከራሴ ጋር ሳወራ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

ቅዳሜ ጠዋት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን የእትዬ አሰለፈች ወንድም አረፈና ግቢያችን ውስጥ የዕድሩ ድንኳን ሊተከል ሆነ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ድንኳን ሲተከል አይታችሁ ከሆነ ጣጣውን ታውቃላችሁ። መሬቱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ችካል አይገባም፤ ገመዱ በደረጃው ብረትና በመስኮት ፍርግርግ፣ አንዳንዴም በቆመ መኪና ላይ ይታሰራል። ያን ቀን ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ ወንዶቹም ገና አልተሰበሰቡም። ስለዚህ የመሐሉን ምሰሶ ያዥ ተባልኩ። ሸራው ተወጥሮ ከላዬ ሲመጣ ከውስጥ ሆኜ ሰው አላይም፤ ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው።

«ምሰሶው ጋ ማነው?» አሉ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ።

«እኔ ነኝ ጋሼ!»

«አንቺ ነሽ? በይ ድግሪሽ ካልከበደሽ እንዳትለቂ!»

ሰዉ ሳቀ። ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲለው ደግሞ በአንድ ጊዜ ዝም አለ።

ገመዶቹ በየአቅጣጫው ሲሳቡ ክብደቱ እጄ ላይ መጣ። እያንዳንዱ ገመድ ሸራውን ወደ ታችና ወደ ውጭ ይስባል። ወደ ላይ የሚገፋው የእኔ ምሰሶ ብቻ ነው። አንድ ሰው መጥቶ በአቅጣጫ ብቻ ማርክ ቢሰጥ፣ ገመዶቹ ሁሉ ተባባሪ፣ ምሰሶው አመፀኛ ይባል ነበር። ለማየት ብዬ ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። ገመዶቹ ወዲያው ረገቡ፤ ከውጭም «ኧረ ምን እየሆነ ነው!» የሚል ጩኸት መጣ። ለካ የገመዶቹ ውጥረት ራሱ ከምሰሶው የመጣ ነው። ያዦቹ ትዝ አሉኝ። የእነሱስ መልካም መልካም ቁጥር ከየት ነው የመጣው?

እርግጥ ምሳሌ ምሳሌ ነው። ዚንክ ምሰሶ አይደለም፣ ገመድም የለውም፤ ተማሪዎቼንም በምሳሌ እንዳይሰክሩ ሁልጊዜ አስጠነቅቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ድንኳን ጥያቄ ይዤ ወጣሁ፤ ይህ ቁጥር ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው የመደመር ምልክት ያገኘው? ንፍሮ ሲታደል ሳልዘግን ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁና ላፕቶፔን ከፈትኩ።

የዚንኩን ረድፍ ወደተሠራባቸው ክፍሎች ፈታሁት። ሁለት ግዙፍ ቁጥሮች ተገናኝተው የሚጠፋፉበት ረድፍ ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው በዚንኩና በሞለኪውሏ መካከል ያለው ስበት ነው፤ የመቀነስ ምልክት ያለው፣ ከሠንጠረዡ ላይ ምንም ነገር የማይስተካከለው። ሁለተኛው የውሃው ነገር ነው። ሞለኪውሏ ከመምጣቷ በፊት ኪሱ ባዶ አልነበረም፤ ውሃ ዚንኩን ከቦት ነበር፣ ዚንኩም ውሃ ይወዳል። እሷ የተቀመጠችው ውሃውን አስነስታ ነው። ፕሮግራሙ ያንን የመለያየት ኪሳራ አብዛኛውን በዚንኩ ስም ይጽፈዋል፤ ውሃውን የሚወደው እሱ ነዋ። ከሁለት ግዙፍ ቁጥሮች መቀናነስ የሚተርፈው ደግሞ ትንሽ ነገር ሲለወጥ ምልክቱ ሊገለበጥ የሚችል ነገር ነው። የመደመር ምልክቱ «ዚንኩ ሞለኪውሏን ይጠላል» አይልም። «ዚንኩ ለአዲሷ ቦታ ለመስጠት ብዙ ተወ» ነው የሚለው፤ እሱንም ቢሆን በጥንቃቄ።

እሑድ ከሰዓት ሙሂዲንን ፍለጋ አብነት ሄድኩ። ሙሂዲን የላቦራቶሪ ጓደኛዬ ነው፤ ቤተሰቡ ከወሎ መጥቶ አብነት የሰፈረ፣ አባቱ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ። እኔ ሞለኪውል ኮምፒውተር ላይ ሳሰላ፣ እሱ በእጁ ይሠራታል። የእኔን ሠንጠረዥ እየጠበቀ ነበር፤ ቀጥሎ የሚሠራት ሞለኪውል የትኛው ክንዷ፣ ማለትም ከጎኗ የሚወጣው የአተሞች ቅርንጫፍ፣ እንደሚቀርና የትኛው እንደሚቆረጥ በዚያ ሊወስን። ከአባቱ ሱቅ ፊት ለፊት የበቆሎ ጥብስ ገዝተን በረንዳ ተጠለልን። በቆሎው ከውጭ አሯል፣ ከውስጥ ወተቱ አልደረቀም፤ የዚያን ጊዜ በቆሎ እንዲህ ነው።

«ከዶክተር ጋ ጦርነት ገጠምሽ አሉ» አለኝ። «ዚንኩ ይገፋል ብለሽ።»

«አላልኩም።»

«እኔ ዚንክ ሲገፋ ያየሁት ዝናብ ነው፤ እዚህ ቆርቆሯችን ላይ። መድኃኒት ሲገፋ አላየሁም።»

«ሙሄ፣ ስማኝ። አይገፋም። ሠንጠረዡ የውሃውንም ጣጣ በእሱ ስም ነው የጻፈው።» ከዚያ ሙሉውን አስረዳሁት፤ በቆሎዬ ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ እየበላ ነበር የሚሰማኝ። ሳልጨርስ ማኘኩን አቆመ።

«ቆይ ቆይ። ያቺ ክንዷን የቆረጥኳት ትዝ ትልሻለች?»

«የቷ?»

«ለመሥራት ትቀላለች ብዬ ዚንኩን የሚነካውን ክንድ ትቼ የሠራኋት። ኢንዛይሙ ላይ ጨመርኳት፤ ምንም! ንክችም አላደረገችው። ውሃ የጨመርኩበት ነው የሚመስለው። ክንዷ ያለው እህቷ ግን ቀጥ አድርጋው ነበር።»

«ታዲያ የታለች? ሪፖርትህ ላይ አላየኋትም።»

ወደ በቆሎው አየ።

«ለቀምኳት» አለ። «ምንም ያልሆነ ነገር ውጤት አይደለም ተባልኩ፤ ለቀምኳት።»

ከአባቱ ሱቅ የመበየጃው ብልጭታ ግድግዳው ላይ ይበራል፣ ይጠፋል። ስንት ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል! የእኔ ጠጠር የእሱን ጠጠር ትፈልግ ነበር። ዚንኩ ገፊ ቢሆን ኖሮ፣ እሱን የምትነካበት ክንዷ የተቆረጠው ሞለኪውል የበለጠ በተመቻት ነበር። አልተመቻትም። ይህን የሚናገረው ረድፍ ተለቅሞ ወጥቶ፣ የእኔ ረድፍ ብቻውን እንደ እብድ ሲናገር ቀረ። አሁን ደግሞ እሱም ይውጣ ተባለ።

«የኔ ጀለስ» አለ ሙሂዲን በመጨረሻ፣ «እኔ ያቺን ክንድ ከሁሉም ልቆርጥ ነበርኮ። ያንቺን ሠንጠረዥ አይቼ።»

«ረድፉን ባወጣውስ?»

«ባታሳዪኝማ የባሰ ነው። ዚንኩ ምንም አያገባውም ብዬ እቆርጣት ነበር።»

በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር ሠራን። እሱ ክንድ አልባዋን እንደገና ሞከራት፤ በዚህ ጊዜ ክንድ ካላት እህቷ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ። ያው ሆነ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ዚንኩን ከኪሱ አወጣሁትና ስሌቱን አስኬድኩት። ሞለኪውሏ ብዙም አልቆየች፤ መንገዳገድ ጀምራ ከኪሱ ወጣች። የያዦቹም መልካም ቁጥር አብሮ ከሰመ። ይህም ሙከራ ጉድለት አለበት፤ ዚንክ የሌለው ኪስ ራሱ ቅርጹ ይለወጣል፣ ስለዚህ «የዚንኩ ድርሻ ይህን ያህል ነው» ለማለት አይበቃም። ይህንንም ጉድለት ጻፍኩት። ረድፉን በቦታው አስቀምጬ፣ ከሥሩ ትርጓሜውን፣ ከትርጓሜው ሥር የሙሂዲንን ውጤት በእሱ ፈቃድና በስሙ አስገባሁ።

ሰኞ ዶክተር ሽፈራው ቆመው አነበቡት። ሁለት ጊዜ ገጹን መልሰው ገለጡ።

«ሙሂዲንንም አሳመፅሽው?»

«እሱ ራሱ ነው ያመፀው ዶክተር።»

«ጥሩ ጽፈሻል» አሉ። «እውነቴን ነው። ግን ፈታኝ አንቀጽ አያነብም፤ ምልክት ነው የሚያየው። እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«እንግዲያው አነብላቸዋለሁ።»

ብዕር አወጡ። «እፈርማለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ብቻሽን ነሽ። እኔ ረድፉን አውጪ ብያለሁ።»

«ይሁን።»

«ቦታውስ?»

«እሱም ይሁን» አልኩ። ድምፄ ደፋር ነበር፤ ሐሳቤ ሳይለወጥ ግን ወረቀቱን ተቀብዬ ቶሎ ወጣሁ።

የዲፌንሱ ቀን ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበው ነበር። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ሙሉ ትሪ ሳምቡሳ ይዛ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች፤ እኛ ዘንድ ተመራቂ ሳይበላ የሚሸኝ እንግዳ የለውም። ከውጭ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሴት ነበሩ። ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ ልክ ዶክተር ሽፈራው እንዳሉት ጣታቸውን በቀጥታ ረድፉ ላይ አሳረፉ።

«ይህ ምልክት ስህተት ነው? ወይስ ዚንኩ ሞለኪውሏን ይገፋታል?»

«ሁለቱም አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። ውሃውን አስረዳሁ፣ ያዦቹን አስረዳሁ፣ ክንድ አልባዋን አስረዳሁ። ሙሂዲን ከጥግ ሆኖ አውራ ጣቱን ያሳየኛል። ዶክተር ሽፈራው ጣሪያውን ያዳምጣሉ።

ፈታኟ እስክጨርስ ጠበቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«ትክክል ልትሆኚ ትችያለሽ» አሉ። «ግን ልጄ፣ ይህን ሠንጠረዥ የሚያየው ሰው ሁሉ ጋ ቆመሽ አታስረጂም። ምልክቱን አይቶ ተሳስቶ ይሄዳል። ብታወጪው አይሻልም?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

«ካየው ቢያንስ ይጠይቃል» አልኩ። «ካወጣሁት ግን የሚጠየቅ ነገር እንደነበረ እንኳን አያውቅም። ጓደኛዬ እንደዚያ ሆኖ ነው አንድ ሙሉ ዓመት ሊሳሳት የነበረው።»

አስወጡን፣ ተማከሩ፣ አስገቡን። ረድፉንና ትርጓሜውን ባወጣ ሥራው «እጅግ በጣም ጥሩ» ይገባዋል፤ ካላወጣሁ ግን ሠንጠረዡ አጠያያቂ ስለሆነ «ጥሩ» ነው፤ ምርጫው የእኔ ነው ተባልኩ። «ጥሩ» ያገኘ ሰው ለዚያ የማስተማር ቦታ እንደማይታጭ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከእማዬ በስተቀር።

«‹ጥሩ› ይበቃኛል» አልኩ።

ፈታኟ መነጽራቸውን አወለቁና ጻፉ። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሳምቡሳ ሲታደል ዶክተር ሽፈራው አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ግትር ነሽ» አሉኝ።

«አዎ ዶክተር።»

«እናትሽም እንደዚህ ናቸው?»

«ይብሳሉ!» አለች እማዬ ራሷ፣ ሁለተኛ ሳምቡሳ ሳህናቸው ላይ እየጨመረች።

ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጥሩ አድርጎ ለቅሟል። ሙሂዲን በቀጣዩ ዓመት ክንድ አልባዋን በሙሉ ክብሯ ቴሲሱ ውስጥ አስገባት፤ ክንድ ያላቸውን ብቻ መርጦም ቀጠለ። ለቀማው ላቦራቶሪው ውስጥ ቆሟል የሚል ወሬ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እኔ እዚያው ልደታ ትምህርት ቤት ገብቼ ጠመኔ ያዝኩ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ታሪኩን ሲሰሙ «በአንድ ረድፍ?» ይሉኛል፤ ያዘኑልኝ ይመስላቸዋል። አዎ፣ በአንድ ረድፍ። ነገ ቢመጣም ያንኑ እላለሁ። አብረው የሚሠሩ ነገሮችን ነጣጥሎ ድርሻ የሚሰጥ ቁጥር በየቦታው አለ፤ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ምዘና ላይ፣ እኛ የቡድን ሥራ ማርክ ስንሰጥ፣ ቤት ውስጥ ማን ምን ሠራ ስንባባል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አይዋሽም። እኛ ያልጠየቅነውን ጥያቄ ሲመልስልን የጠየቅነውን የመለሰ ይመስለናል እንጂ።

ስለዚህ አንድ ነገር ሞክሩልኝ፤ ኢንዛይምም ኮምፒውተርም አያስፈልጋችሁም። በሥራችሁ ላይ «ይህ እንቅፋት ነው» ተብሎ የተቆጠረ አንድ ነገር ምረጡ፤ አንድ ደንብ፣ አንድ ሥራ የሚያጓትት የመሰለ ሰው፣ አንድ ያልተስማማ ልኬት። ከመሰረዛችሁ በፊት ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንቅፋት እንደተባለ ጠይቁ። ከዚያ ለሙከራ ያህል ለጥቂት ጊዜ ከቦታው አንሱትና እሱን ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ተመልከቱ። ሁሉም እንደነበረ ከቆመ ሰርዙት፣ አልከራከራችሁም። መንገዳገድ ከጀመረ ግን ወደ ቦታው መልሱትና፣ አውጡት የሚላችሁ ማንም ይሁን ማን፣ እምቢ በሉ።